የፍሬው ነቀዝ

ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር የኖረ ሰው አንድ የማይለቀው አመል አለበት። ሌላው ሰው ስለ ዋጋ ሲከራከር እሱ ጆሮው የገባችውን ቃል ይዞ ይቀራል። እኔም ባለፈው አምቦ ደርሼ ስመለስ ይዤ የመጣሁት እንደ ሰው ሁሉ የአምቦ ውኃ አልነበረም። «ከርነል» የሚል ቃል ነው።

ቃሉን ያቀበለኝ የእህቴ ልጅ ነው። ከመናኸሪያው ብዙም ሳይርቅ አንዲት ጠባብ የሞባይል ጥገና ሱቅ አለችው። አንድ አዛውንት ገበሬ ስልካቸውን አምጥተው «ልጄ ገንዘብ የሚልክልኝ በዚህ ነው፤ ደህና ነው ወይ?» ብለው በኦሮምኛ ጠየቁት። ልጁ አገላበጠው፣ ከፈተው፣ ዘጋው። «አባባ፣ ስክሪኑም ባትሪውም ደህና ነው። ያረጀው ከርነሉ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ማስተካከያ አልደረሰውም» አላቸው። አዛውንቱ ከርነል የሚባለው የትኛው ብልት እንደሆነ ለማየት መነጽራቸውን አስተካክለው ጎንበስ አሉ። ለነገሩ እኔም ጎንበስ ብዬ ነበር።

ከርነል በፈረንጅ አፍ ፍሬ ማለት ነው። የበቆሎ ፍሬ፣ የስንዴ ፍሬ፣ ቅርፊቱ ሲላጥ የሚገኘው ዋናው ነገር። የእኛ ተርጓሚዎች «አስኳል» ይሉታል። ለምዕራብ ሸዋ ሰው ግን «ፍሬ» የሚለው ሳይቀርበው አይቀርም። ባኮ ላይ የበቆሎ ዝርያ ሲያሻሽሉ የኖሩ ተመራማሪዎች አሉ፤ ስመ ጥሩው ቢኤች 660 የወጣው ከዚያ ነው። የበቆሎን ፍሬ የሚያውቅ ደግሞ ነቀዝን ያውቃል። ነቀዝ እንደ ዝንጀሮ በግላጭ አይመጣም። እናቲቱ ፍሬውን በስታ እንቁላሏን ትጥልና ቀዳዳውን መልሳ ትደፍነዋለች። ከላይ ሲያዩት ፍሬው ምንም አልሆነ። ልጅየው ውስጥ ውስጡን በልቶ፣ ጎልምሶ ሲወጣ ነው ቀዳዳዋ የምትታየው። ያኔ ደግሞ የቀረው ቅርፊት ነው።

ዛሬ ላጫውታችሁ ያሰብኩት በጎተራ ስላለው ሳይሆን በየኪሳችን ይዘነው ስለምንዞረው ነቀዝ ነው።

ስልክና ኮምፒውተር ውስጥ ብዙ ፕሮግራሞች አሉ። ፎቶ የሚያነሳው፣ ዘፈን የሚያጫውተው፣ ገንዘብ የሚልከው። እነዚህ ሁሉ የመሣሪያውን አካል በቀጥታ መንካት አይፈቀድላቸውም። ሜሞሪውን፣ ካሜራውን፣ ማይክሮፎኑን፣ ፋይሉን የሚያዘው አንድ ክፍል ነው፤ እሱም ከርነሉ ነው። የወረዳ መዝገብ ቤትን አስቡት። ባለጉዳይ መስኮቱ ጋ ቆሞ ይጠይቃል እንጂ ዘሎ ገብቶ ከመደርደሪያው ፋይል አይጎትትም። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ማንነቱን ያያል፣ ይፈቀድለት እንደሆነ ያጣራል፣ ከዚያ ወይ ያወጣለታል ወይ «ነገ ተመለስ» ይለዋል። (እውነተኛው ከርነል እንኳ «ነገ ተመለስ» አያውቅም፤ በአንዲት ሰከንድ ሺህ ጊዜ አዎ ወይም አይ ሲል ይውላል።) አንድ ፕሮግራም ቢበላሽ የተበላሸው የአንድ ባለጉዳይ ጉዳይ ነው። መዝገብ ቤቱ ከተደፈረ ግን የተደፈረው የሁሉም ሰው ይዞታ ነው። የከርነል ቀዳዳ ከሌላው ቀዳዳ የሚለየው በዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1991 ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለራሱ መማሪያ ብሎ አንድ ከርነል መጻፍ ጀመረ። ሊኑክስ የሚባለው ነው። ማንም እንዲያነበው፣ ማንም እንዲያርመው ክፍት አደረገው። የአንድሮይድ ስልክ ሁሉ መሠረቱ ይኸው ከርነል ነው። ጊንጪ ገበያ በግ እየሸጠ ስልኩን የሚያይ ወጣት፣ ጉደር ድልድይ ላይ ፎቶ የሚነሳ ሙሽራ፣ ጌዶ ላይ በቴሌብር ዘይት የምትገዛ እናት፣ ሳያውቁት የዚያን ተማሪ ሥራ በኪሳቸው ይዘው ይሄዳሉ። ዛሬ ጽሑፉ ከ30 ሚሊዮን መስመር በላይ ሆኗል። በእኛ ሙያ ስናሰላው፣ አንድ የ300 ገጽ ልብወለድ አሥር ሺህ መስመር ቢይዝ፣ ሦስት ሺህ ልብወለድ ማለት ነው። እኔ በመምህርነት ዘመኔ አንድም ግድፈት የሌለበት የመመረቂያ ጽሑፍ አጋጥሞኝ አያውቅም፤ ለዚያውም የመቶ ገጹ! በሦስት ሺህ ልብወለድ ውስጥ ግድፈት አለ ቢባል ማን ይደነቃል? ልዩነቱ፣ በልብወለድ ውስጥ የተገደፈች ፊደል አንባቢን ታበሳጫለች እንጂ የማንንም ቤት አትከፍትም።

ከእነዚህ ግድፈቶች አንዷ «ቆሻሻዋ ላም» ትባላለች። ስሙን ያወጡላት ባለሙያዎች ናቸው። «ሲጻፍበት ገልብጥ» የሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ የመጀመሪያ ፊደላት ሲገጣጠሙ «ካው»፣ ላም ስለሚሆኑ ነው። ላሟ እ.ኤ.አ. በ2007 ሊኑክስ ውስጥ ገብታ በጥቅምት 2016 ነው የታረመችው። ዘጠኝ ዓመት! ያውም የተደረሰባት ሰው ሲሰርቅባት ተይዞ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወደ መዝገብ ቤታችን እንመለስ። አንድ ዋና ሰነድ አለ። ማንም ሊያነበው ይችላል፣ መጻፍ ግን ክልክል ነው። መጻፍ የፈለገ ግልባጭ ተሰጥቶት በግልባጩ ላይ ይጻፍለታል። አሁን ሁለት ተመሳጣሪዎች መጡ እንበል። አንደኛው «ግልባጭ አውጣና ይህን ጻፍልኝ» ይላል። ሠራተኛው ግልባጩን አዘጋጅቶ እስክሪብቶውን ሲያነሳ ሁለተኛው «ግልባጩን ትቼዋለሁ፣ ጣለው» ይላል። ሠራተኛው ይጥላል። ግን ፈቃዱን አስቀድሞ ስላጣራ የተነሳ እጁ አይመለስም። ፊቱ የቀረው ዋናው ነው፤ በዋናው ላይ ይጽፋል። አንድ ጊዜ ቢሞክሩት አይሳካም፤ ሺህ ጊዜ ከሞከሩት አንዷ ትገጥማለች። ለማሽን ደግሞ ሺህ ጊዜ ምንድን ነው? በዚች ዘዴ አንድ ተራ ፕሮግራም የመሣሪያው ጌታ ይሆን ነበር።

ይህን ለአገሬ ሰው ማስረዳት እምብዛም አያስቸግርም። የይዞታ ደብተር ይዞ ፍርድ ቤት ደጅ የተመላለሰ ሁሉ በዋናና በግልባጭ መካከል ያለውን ልዩነት ከእኔ ይልቅ ያውቃል። ዋናው ላይ አንድ ስም ከተለወጠ ሺህ ግልባጭ ቢደረደር ምን ይፈይዳል?

ከላሟ ታሪክ እኔን ያስደነቀኝ ግን ሌላ ነው። ቶርቫልድስ እርማቱን ሲያስገባ ከሥሩ አንድ አጭር ማስታወሻ ጽፏል። ስሕተቷ የቆየች መሆኗን፣ ከ11 ዓመት በፊት ራሱ ሊያርማት ሞክሮ በደንብ እንዳላረማት፣ ያ እርማት በሌላ ዓይነት ማሽን ላይ ችግር ስላመጣ ተመልሶ መነሣቱን አሰፈረ። ዓለም ሁሉ በሚያነበው ቦታ ላይ። ስም ያለው፣ ቀን ያለው፣ ባለቤት ያለው ስሕተት።

እስቲ የእኛን ቃለ ጉባኤዎች አስታውሱ። «አንዳንድ መጠነኛ ክፍተቶች ቢስተዋሉም...»። ክፍተቱን ማን ከፈተው? መቼ? ማን ይዘጋዋል? ሰዋስዉ ራሱ መልስ አይሰጥም፤ «ተስተዋለ» የሚለው ግስ ባለቤት የለውም። የግንዛቤ ክፍተት፣ የአቅም ክፍተት፣ የአሠራር ክፍተት። በአማርኛችን እንደ «ክፍተት» ብዙ የተነገረለትና ያልተደፈነ ቃል አላውቅም።

ቀዳዳን መደበቅ የእኛ ብቻ አመል እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 12 ቀን 2017 «ዋናክራይ» የተባለ የኮምፒውተር ተባይ ዓለምን አዳረሰ። በ150 አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮችን ቆልፎ «ክፈሉና ልክፈትላችሁ» አለ። በእንግሊዝ ሆስፒታሎች የታካሚዎች ቀጠሮ ተሰረዘ። ተባዩ የገባበት ቀዳዳ ዊንዶውስ ፋይል ለመጋራት በሚጠቀምበት፣ ከከርነሉ ጋር በሚሠራው ክፍል ውስጥ የነበረ ነው። መጥለፊያው ከአሜሪካ ብሔራዊ የደኅንነት ኤጀንሲ የተሰረቀ መሆኑን የማይክሮሶፍቱ ፕሬዚዳንት ብራድ ስሚዝ በይፋ ጻፈ፤ ሚሳኤል ከመጋዘን እንደመሰረቅ ነው ብሎም አነጻጸረው። የሆነው ቀላል ነው። ሰላዮቹ ቀዳዳውን አገኙ። ለባለቤቱ መንገር ሲገባቸው «ይጠቅመናል» ብለው ያዙት። ከእጃቸው ወጥቶ አደባባይ ሲሰጣ ግን ቀዳዳው ጠላትና ወዳጅ አልለየም። ማይክሮሶፍት መጣፊያውን ካሰራጨ ሁለት ወር ገደማ ሆኖት ነበር። የተመቱት ሳይጥፉ የቆዩት ናቸው።

«ይህ የፈረንጆች ጣጣ ነው» የሚል ካለ ወደ ቤታችን ልምጣ። ሃኪንግ ቲም የሚባል የጣሊያን ኩባንያ ነበር። ሥራው የስለላ ሶፍትዌር ለመንግሥታት መሸጥ ነው። በካናዳ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2014 ባወጣው ጥናት፣ በታኅሣሥ 2013 በውጭ አገር በሚሠሩ የኢሳት ጋዜጠኞች ላይ በዚህ ሶፍትዌር ጥቃት መሞከሩን አሳየ። ሰነድ መስሎ የሚላክ ፋይል ነው፤ ከፈትከው ማለት ቤትህን ከፈትክለት ማለት ነው። በሐምሌ 2015 ደግሞ ሰባሪው ኩባንያ ራሱ ተሰበረ። 400 ጊጋባይት የሚሆን ምስጢሩ አደባባይ ወጣ። ከደንበኞቹ መካከል የኢትዮጵያ መንግሥት ተገኘ። ከሰነዶቹ ጋር አብሮ የወጣው ደግሞ እስከዚያን ቀን ማይክሮሶፍት የማያውቀው የዊንዶውስ ከርነል ቀዳዳ ነበር።

ቀዳዳው የት ቢሆን ጥሩ ነው? ፊደል ላይ! የፊደላትን ቅርጽ የሚያነበው ክፍል ያኔ በዊንዶውስ ከርነል ውስጥ ነበር የተቀመጠው። በተንኮል የተሠራ የፊደል ቅርጽ ሲቀርብለት ይሳሳትና በሩን ይለቃል። ዕድሜዬን በፊደል የኖርኩ ሰው ነኝና ይህን ሳነብ ቅር አለኝ። ማይክሮሶፍት መደበኛ ቀኑን ሳይጠብቅ በዚያው ወር መጣፊያ አወጣ። ያ ቀዳዳ በእኛ ሰዎች ላይ ውሏል አልልም። የምለው፣ እንዲህ ያለውን ዕቃ ከሚያከማች ነጋዴ ጋር የድሃ አገር ገንዘብ ይዘን ገበያ ወጥተን ነበር ነው።

ታሪኩ እዚህ አላበቃም። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ጊንጪ ላይ የተነሳው ተቃውሞ ኦሮሚያን ሲያዳርስ የአምቦና የአካባቢዋ ሰው ወሬ የሚያገኘው ከኦ.ኤም.ኤን. ነበር። በጥቅምት 2009 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ መመሪያ ኦ.ኤም.ኤን.ንና ኢሳትን ማየት ከለከለ። ሲቲዝን ላብ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 ባወጣው ሌላ ጥናት እንደገለጸው፣ ከ2016 ጀምሮ ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ ሶፍትዌር በውጭ ባሉ ኢትዮጵያውያን ላይ ሲሠራ ነበር። ከተላከባቸው አንዱ የያኔው የኦ.ኤም.ኤን. ዳይሬክተር ጃዋር መሐመድ ነው። አላላኩ ትኩረት ይገባዋል። ኢሜይል ይመጣል፤ የአገር ቤት ቪዲዮ አለ ይላል፤ ለማየት ሲጫኑት «ቪዲዮ ማጫወቻዎ አርጅቷል፣ አፕዴት ያድርጉ» ይላል። አፕዴቱ ሰላዩ ራሱ ነው። ይገርማችሁ ብሎ፣ ሰላዮቹ የሥራ መዝገባቸውን ማንም በሚያነበው ቦታ ክፍት ጥለውት ነበር፤ ተመራማሪዎቹ ብዙውን ነገር ያገኙት ከዚያ ነው። የሰው በር ሲሰብር የራሱን ሳይዘጋ የወጣ ሌባ ማለት ነው።

እዚህ ላይ የእህቴ ልጅ ያነሳብኝ ጥያቄ ይመጣል። «ጋሼ፣ ሰውን አፕዴት አድርጉ እላለሁ። ፓኬጅ ይበላል ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ አንዱ አፕዴት የሳምንት ካርዳቸውን ይጨርሰዋል። ሌላው ደግሞ አፕዴት በሚል ስም ነው ሰው የሚጠለፈው ይለኛል። እሱም እውነቱን ነው። ምን ልበላቸው?»

ልጁ ያነሳው ቀላል ጥያቄ አይደለም። መድኃኒቱና መርዙ አንድ ዓይነት ብልቃጥ ውስጥ ሲቀርቡ ሰው ሁለቱንም ይፈራል። ከተማከርንበት በኋላ የደረስንበት ይህ ነው። አፕዴት የሚወሰደው ከራሱ ከስልኩ «ሴቲንግ» ውስጥ ገብቶ ነው። በመልእክት፣ በኢሜይል፣ ቪዲዮ ልታይ ስትል ፊትህ የሚደቀን አፕዴት ሁሉ ይቅር። ዳታ የሚቆጥብ ሰው ነጻ ዋይፋይ ያለበትን ቀን ይጠብቅ፤ ግን ይጠብቅ እንጂ አይተወው። አፕዴት የማይመጣለት ያረጀ ስልክ ለወሬና ለሬዲዮ ይሁን፤ ገንዘብ አይደርበት። ለአዛውንቱም ልጁ የነገራቸው ይህንኑ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ የገበሬው ቦርሳ ስልኩ ሆኗል። በቀዳዳ ኪስ ብር ይዞ ገበያ የሚሄድ ሰው አይተን እናውቃለን?

የቢሮውና የኢንተርኔት ቤቱ ነገር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በየከተማው የምናያቸው ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ የሚሠሩት በተሰበረ ዊንዶውስ ነው። «አፕዴት ዝጋው፣ አለበለዚያ ይታወቅብሃል» ተብለው የተጫኑ ናቸው። ሌባ ያስገባነውን በር ለፖሊስ ዘግተን ተቀምጠናል ማለት ነው። ዊንዶውስ 10 ራሱ ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ወዲህ፣ ለተጨማሪ ጊዜ ካልተመዘገቡ በቀር፣ መጣፊያ መቀበል አቁሟል። በእነዚህ ማሽኖች ላይ ነው የተማሪው ውጤት፣ የታካሚው ካርድ፣ የገበሬው ይዞታ የሚመዘገበው።

ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። በባህላችን ገመና መሸፈን ትልቅ ቁም ነገር ነው። የጎረቤቱን ገመና አደባባይ የሚያወጣ ሰው ቡና አይጠራም። በሌላ በኩል ደግሞ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚሉትም እነዚያው አባቶች ናቸው። ሁለቱ እንዴት ይታረቃሉ? የከርነል ባለሙያዎች መልስ አግኝተውለታል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2014 ያቋቋመው ፕሮጀክት ዜሮ የተባለ ቡድን የሌላውን ቀዳዳ ሲያገኝ አስቀድሞ በምስጢር ለባለቤቱ ይነግራል። 90 ቀን ይሰጠዋል። ከጠገነው ጥሩ፤ ካልጠገነው ግን ቀኑ ሲሞላ ለዓለም ይነገራል።

ይህን ሳነብ «እንዴ! ይህማ ሽምግልና ነው» አልኩ። በአምቦ ዙሪያ ጃርሱማ የሚያውቅ ሰው አሠራሩን አይስተውም። አጥፊን አስቀድመው ለብቻው ይመክሩታል። ጊዜ ይሰጡታል። እምቢ ካለ በሸንጎ ይነገርበታል። ገመናው የሚሸፈነው እስኪጠግነው ነው፤ ለዘላለም አይደለም። ሥርዓቱ በእጃችን እያለ መሥሪያ ቤቶቻችን የወሰዱት የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው። ሽፋኑን ወሰዱ፣ ቀነ ገደቡን ተዉት።

ዋጋውን አይተነዋል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. አንድ ሌሊት ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ማውጣት ቻሉ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት አይደለም፣ ከሲስተም ማሻሻያ ጋር የመጣ ችግር ነው ብሏል። ጉዳዩ የከርነል አልነበረም። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ወሬው በየዩኒቨርሲቲው ከዶርም ዶርም ሲሮጥ አደረ። በዚያ ሌሊት ቀዳዳውን ካዩት ወጣቶች ስንቱ ወደ ባንኩ ለመደወል አሰበ? ቢያስብስ የት ይደውላል? ቢደውልስ «አመሰግናለሁ» ይባላል ወይስ «አንተ እንዴት አወቅህ?» የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ መግባትን ወንጀል አድርጎታል፤ ይገባል። ሳይገባ፣ በሩ ክፍት ነው ብሎ ለሚጮኸው ግን የጎረቤት ወግ ይድረሰው።

አምቦ ዩኒቨርሲቲ በሀጫሉ ሁንዴሳ ካምፓስ ኮምፒውተር የሚያጠኑ ወጣቶች አሉት። በየባንኩ፣ በየቢሮው፣ በየሆስፒታሉ ያለውን ሲስተም የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ ነቀዙንም ከሁላችንም ቀድመው የሚያዩት እነሱ ናቸው። ለእነዚህ ልጆች እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት በሩ ላይ አንድ ስልክ ቁጥር ይለጥፍ። ቀዳዳ ያየ ይደውል፤ ስሙ ይጠበቅለት፤ ይመስገን፤ 90 ቀን ይቆጠር። በ91ኛው ቀን «መጠነኛ ክፍተት ተስተውሏል» የሚል ሳይሆን ማን፣ መቼ፣ ምን እንደጠገነ የሚናገር ማስታወሻ እናንብብ።

ቸር ያሰንብተን።